ትምህርት ቤቱ እስኪከፈት የጠበቀችው እህቴ

ስምንተኛ ክፍል እያለሁ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት የትምህርት ቤታችን ደወል ሳይሰማ ቀረ። ሌሞ ውስጥ፣ ከሆሳዕና በእግር ሁለት ሰዓት የሚያስኬድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነበር። ደመወዝ ስለተቋረጠባቸው መምህራኑ ሥራ አቁመዋል ተባለ። እኛ ደስ አለን። ታላቅ እህቴ ወርቅነሽ ትምህርት የጀመረችው ዘግይታ ስለነበር አንድ ክፍል ነበርን። ዝናብ ባራሰው ግቢ መሬቱን አስምረን ሰኞ ማክሰኞ ስንጫወት ዋልን። የዚያ እርጥብ አፈር ሽታ ዛሬም ይመጣብኛል።

ሳምንታት ሲያልፉ ጨዋታው ሰለቸን፤ የተጫወትንበት መሬትም ሣር አበቀለ። አቅም ያላቸው ወላጆች ልጆቻቸውን ከተማ ወዳሉት የግል ትምህርት ቤቶች ያዛውሩ ጀመር። አንድ ቅዳሜ ከአባባ ጋር ገበያ ወርደን የሒሳብ መምህራችንን ድንች ሲሸጡ አገኘናቸው። አባባ ትምህርት መቼ እንደሚጀመር ጠየቃቸው።

መምህሩ እኛን ቀና ብለው አላዩንም። "እኔም አላውቅም፣ አቶ ላምቤቦ። ልጆቼ እየተራቡ ማስተማር አቃተኝ። የሚችሉ ከሆነ ልጆችዎን ከተማ ያስገቡ።"

አባባ የሚችለው ለአንድ ልጅ ብቻ ነበር። ቤት ስንመለስ ሁለታችንንም አጠገቡ አስቀመጠን። ከሁለታችን ጎበዟ ወርቅነሽ ነበረች፤ እሱም የሚያየው እሷን ነበር።

"እሷ ትሂድ" አለች ወርቅነሽ፣ ገና አፉን ሳይከፍት። "እኔ እዚሁ እያጠናሁ እስኪከፈት እጠብቃለሁ።"

አይሆንም ማለት ነበረብኝ። አዲሱ ዩኒፎርም አማረኝና ዝም አልኩ።

ትምህርት ቤቱ የተከፈተው ለሚኒስትሪ ፈተና ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩ ነው። ወርቅነሽ ግማሹን ያልተማረችውን ትምህርት ተፈትና ወደቀች። በዓመቱ ዶዮገና ተዳረች። ስትሄድ ደብተሮቿን ለእኔ ሰጥታኝ ነበር፤ እስከ ዛሬ ገልጬ ለማየት አልደፈርኩም።

አሁን እኔም የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። ያኔ ትምህርት ቤቱን የዘጉብን ሌሎች ነበሩ፤ ዘንድሮ ደመወዝ ተቋርጦባቸው ሥራ ካቆሙት አንዷ እኔ ነኝ። ወርቅነሽ ደውላ ልጇ ትምህርት ተዘግቶባት ቤት እንደምትውል ስትነግረኝ "ላኪያት" አልኳት። ልጅቷ መጥታ ከልጄ ጋር እያስጠናኋት ነው።

የክፍሌን ልጆች ግን ማንም አልጠራቸውም። በቀደም ከመካከላቸው አንዷን እንጨት ተሸክማ መንገድ ላይ አገኘኋት። ጎንበስ ብላ ሰላም አለችኝና አለፈች። ትምህርት መቼ እንደሚጀመር አልጠየቀችኝም።