የፋንታ ሳንባ እጥበት

ቢቸና ውስጥ የፋንታን ሳል የማያውቅ ሰው ካለ እንግዳ ነው። ፋንታ ወፍጮ ወቃሪ ነው። የወፍጮው ድንጋይ ሲለሰልስ እህሉን መፍጨቱን ትቶ ያሸዋል፤ ያን ጊዜ ፋንታ ይጠራና ላዩ ላይ ጎንበስ ብሎ በመዶሻ እየወቀረ ያሻክረዋል። ከቢቸና እስከ ሞጣ እሱ ያልወቀረው ወፍጮ ጥቂት ነው። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ከድንጋዩ የተነሳው ብናኝ የት እንደሚሄድ የጠየቀ የለም። ፋንታ ውስጥ ነበር የሚሄደው።

መድኃኒቱ ወተት ነው ይባላል። አቧራ የዋጠ ሰው ወተት ከጠጣ ደረቱ ይታጠባል። እንዳለው የሚባለው የሰፈሩ ባለ ወፍጮም ፋንታ በወቀረ ቁጥር አንድ ብርጭቆ ወተት ያቀርብለታል፤ በጾም ደግሞ ተልባ። ሳንባው ፍስክና ጾም ይለይ እንደሆነ እንጃ።

ዘንድሮ በሑዳዴ መግቢያ ሞጣ ለሥራ ሄዶ ሳሉ መዶሻውን አስጣለው። የወፍጮ ቤቱ ሰዎች ደግፈው ሐኪም ዘንድ ወሰዱት። ዶክተር ትህትና ከሐዋሳ ተመድባ የመጣች ልጅ ናት። ራጁን አየች።

«ጋሽ ፋንታ፣ ሳንባዎት ውስጥ የድንጋይ ብናኝ ተጠራቅሟል።»

«ታዲያ አውጭልኛ የኔ ልጅ!»

«ውጭ አገር ሳንባ የሚያጥቡ ሐኪሞች አሉ። በሽተኛውን አደንዝዘው፣ በአንዱ ሳንባ እያስተነፈሱ ሌላውን በውሃ እየሞሉ ውሃውን መልሰው ይቀዱታል። እዚህ ግን የለም። ቢኖርም ብናኙ የተወውን ጠባሳ አይፍቀውም። እርስዎ ከአቧራው ይራቁ።»

ልጅቱ ብዙ ነገር ተናገረች። ፋንታ ቢቸና ይዞት የገባው አንዱን ነው፤ ሳንባ ይታጠባል።

ሰፈሩ በአንድ ቀን ሐኪም ሆነ። ጡረታ የወጣው መምህር ሀብተ ሥላሴ «በአረቄ ይታጠብ፣ ጀርሙንም ይፈጅለታል» አለ። እሱ አረቄ የማያጥበው በሽታ አያውቅም። ጎረቤቱ እማማ ወለተ ሥላሴ «ጠበል እያለ ምን ያንከራትታችኋል!» አሉ። ፋንታ ጠበሉን ግማሽ ጀሪካን ጠጣ። ሆዱ ታጠበ። ሳንባ ግን በሌላ በር ነው የሚገባበት።

ፋንታ በሩን ልፈልግ ብሎ አግዳሚ ላይ ተዘቅዝቆ ተኛና ውሃ ባፉ አንቆረቆረ። ትንሽ ውሃ ሳንባውን ሳያገኘው አልቀረም፤ ፊቱ ጠቆረ፣ ዓይኑ ፈጠጠ። ሚስቱ አስናቀች ጀርባውን በጡጫ እየነረተች መለሰችው።

«አንተ ሰውየ፣ ባሏን በውሃ ገደለችው ልታሰኘኝ ነው?»

«ልታጠብ ብዬ እኮ ነው...»

«አቧራው ከድንጋዩ አይደል የሚመጣ? ድንጋዩን አታጥበውም ነበር!»

 መምህሩ እንኳ አረቄውን ትቶ ለውሃ ፈረደ፤ ይህ ብርቅ ነው።

በሳምንቱ ባለ ወፍጮው እንዳለው ሲጠራው ፋንታ ውሃ የሞላ ጀሪካን ይዞ ሄደ።

«ምንድን ነው?»

«ድንጋዩን እያረጠብኩ ነው የምወቅር።»

«ሊጥ ልታስፈጨኝ ነው? ወፍጮዬን አታጨቅይብኝም!»

«እንግዲያው አንተ ወቅረው» አለና ፋንታ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ባለ ወፍጮው ራሱ አልወቀረም። ደግሞም ሌላ ወቃሪ አላገኘም። ድንጋዩ እየለሰለሰ ሄደ። ሴቶቹ ጤፍ ሰጥተው ጤፍ ተቀበሉ፤ ዘርፈሽ የምትባል ጠላ ሻጭማ ዱቄቱን መልሳ እንዳለው ደጃፍ ላይ ዘረገፈችውና «ለዶሮህ!» ብላ ሄደች። ከዚያ ወዲያ ሁሉም እህሉን ታች ሰፈር ወዳለው ወፍጮ ማስጫን ጀመረ።

ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ ባለ ወፍጮው እንዳለው ውሃ የሞላ ቢጫ ጀሪካን በራሱ ትከሻ ተሸክሞ ፋንታ ደጅ ቆመ።

አሁን ባለ ወፍጮው ድንጋዩ ላይ ውሃ ያንጠባጥባል፣ ፋንታ አፉን በጨርቅ አስሮ ይወቅራል። ብናኙ ጭቃ ሆኖ መዶሻው ላይ ይለጠፋል እንጂ አይበርም። ድንጋዩ እስኪደርቅ አንድ ቀን ይቆያል፤ ወፍጮው አልሞተም። ፋንታ አሁንም ያስላል፤ የገባው ገብቷል፣ ለእሱ የሚሆን ጀሪካን የለም። የቤቱን ዳገት ሲወጣ ግን እንደ ዘንድሮ መጋቢት ለማረፍ ሦስት ጊዜ አይቀመጥም፣ አንዴ ብቻ።

ባለ ወፍጮው በመጀመሪያው ቀን ውሃውን እያፈሰሰ «እንግዲህ ከታጠብን ወተቱ ይቅራ?» አለው።

ፋንታ ቀና አለ። «የታጠበው ድንጋዩ ነው። ወተቱን አምጣ፣ ዛሬ ፍስክ ነው።»