ካውያ በምንባቡ መሠረት

የዚያን ቀን ፀሐይ ፍንትው ብላ ወጥታ ሳለ ካፊያ ይወርድ ነበር፤ ጅብ ወለደች የሚባልለት ዓይነት ቀን። የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ቤት ሴቶች አንሶላውን ከገመድ ሲያወርዱ ካፊያው ያባራል፤ መልሰው ሲያሰጡት ይጀምራል። አራተኛ ጊዜ ካወረዱት በኋላ መራገሙም ሰለቻቸውና ይስቁ ጀመር። የካውያ ልጅ ወረቀት ይዛ የመጣችው በዚህ መሀል ነው።

ካውያ የተባለችው ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ከካውያ ፊት ቆማ የሐኪም ጋዋንና የበሽተኛ አንሶላ ስትተኩስ ስለኖረች ነው። ደግሞም የተጣመመ ነገር አይታ አታልፍም፤ አንሶላም ይሁን ወሬ ሳታቃና አትተወውም። ሰባተኛ ክፍል ሳትጨርስ እናቷ ታመሙ፤ እሷም «ለጊዜው ነው» ብላ ደብተሯን ቁም ሳጥን ላይ አስቀመጠች። ጊዜው ሠላሳ ዓመት ሆነ። ትምህርት አንዴ ካመለጠ እግር ያወጣል፤ ሲከተሉት ይሮጣል።

የረዳት ነርሶች ትምህርት ቤት ከማጠቢያ ቤቱ አጥር ባሻገር ነበር። የተማሪዎቹን ጋዋን የምትተኩሰው እሷ ናት፤ አንገትጌውን ስታቃና አንዳንዴ በራሷ ላይ ትለካው ነበር፣ ሰው ሳያይ። አንድ ቀን ማስታወቂያ ወጣ። ዕድሜው ከአርባ አምስት ያልበለጠ የሆስፒታሉ ሠራተኛ የመግቢያ ፈተናውን ካለፈ፣ ሌላ ማስረጃ ሳይጠየቅ ይገባል። መፈተን የሚቻለው ግን ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። ልጇ ወረቀቱን ባመጣችበት ቀን ካውያ አርባ አራት ዓመቷ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ተፈትና ሁለቴም ወድቃለች። ሒሳቡን በሚገባ ሠርታዋለች። የጣላት አንብቦ መረዳት የሚሉት ነው።

ልጇ ከትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት ለምና ያመጣችው የሁለተኛውን ፈተና የታረመ ወረቀት ነበር። የልብስ ቅርጫት ገልብጣ ተቀመጠችበት።

«እማዬ፣ ነይ እስቲ። ስለ ሴትዮዋ የሚለውን ምንባብ ታስታውሺዋለሽ?»

«የቷ? ያቺ አርፍዳ የመጣችው ውሸታም?»

«ውሸታም ማን አላት?»

«ማንም አላላትም፤ ታስታውቃለች እንጂ።»

ልጅቷ ጉሮሮዋን ጠርጋ አነበበች። «‹ሴትዮዋ የተሳፈረችበት አውቶቡስ መንገድ ላይ ስለተበላሸ ሥራ ቦታዋ አንድ ሰዓት አርፍዳ ደረሰች።› ጥያቄ፦ ሴትዮዋ ለምን አረፈደች? ሀ፣ አውቶቡሱ ተበላሽቶ። ለ፣ እንቅልፍ ጥሏት። ሐ፣ ታማ። መ፣ መንገድ ጠፍቷት። አንቺ ለ ብለሻል።»

«እና?»

«እናማ አውቶቡሱ ተበላሸ ይላል እኮ!»

«አይ ልጄ! አውቶቡስ ተበላሸብኝ እያለ አርፍዶ የሚመጣ ሰው ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ አይቻለሁ። የአንዱም አውቶቡስ ተበላሽቶ አያውቅም።»

«እኔን ነው የምታሚው!» አለች ሎጋ ከኋላ። ሎጋ በቁመቷ የወጣላት ስም ነው፤ አንሶላ ሲታጠፍ የካውያ ጥንድ እሷ ናት። «ባለፈው ሰኞ የእውነት ተበላሽቶብኝ ነበር!»

«ትራሱ ነው የተበላሸብሽ?»

ማጠቢያ ቤቱ በሳቅ ሞላ። ልጅቷ ቀጠለች። «ሁለተኛው ‹አባትየው ሦስቱን ልጆቹን እኩል ይወድ ነበር› ይላል። አባትየው አብልጦ የሚወደው የትኛውን ነው? መ፣ ሁሉንም እኩል የሚል አለ። አንቺ ትንሹን ብለሻል።»

«ትንሹን የማይወድ አባት አምጪና አሳይኝ።»

«እኔ እኮ የመጀመሪያ ልጅሽ ነኝ!»

«ለዚህ ነዋ ያልገባሽ።»

ከአሥሩ ጥያቄ አሥሩንም ስታለች። አሥሩንም ያሳሳታት ደግሞ የምታውቀው ነገር ነው። ልጅቷ ወረቀቱን ጭኗ ላይ ጥላ ሆዷን ይዛ ስትስቅ ዕንባዋ ወረደ። «እማዬ፣ ምንባቡ አንድም ሳይቀር ገብቶሻል። አልስማማም ብለሽ ነው እንጂ የወደቅሽው!»

«ታዲያ ወረቀቱ ሲዋሽ ዝም ልበለው?»

«አዎ! ዝም በይው! የሚጠይቁሽ ወረቀቱ ምን እንዳለ ነው እንጂ ዓለም እንዴት እንደሆነች አይደለም።»

ካውያ ሁለት ዓመት ሙሉ ራሴ ዝጓል፣ አንዴ የተዘጋ ደብተር እንዲህ ነው፣ እያለች ለብቻዋ ስታዝን ነበር። ለካ ችግሩ ክርክር ነው! መጀመሪያ ፈገግ አለች፤ ቀጥሎ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ በመጨረሻ እርጥብ አንሶላ ላይ ቁጭ ብላ እንደ ሕፃን ተንከተከተች።

ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ልምምድ ሆነ። አንሶላ የሚታጠፈው በሁለት ሰው ነው። ጫፍና ጫፍ ይዘው ይለጥጡታል፣ ተጠጋግተው ጫፉን ያጋጥሙታል፣ ተመልሰው ይራራቃሉ። ሎጋ ሲራራቁ አንድ ውሸት ትናገራለች፤ ሲገናኙ ትጠይቃለች። ካውያ አንሶላው ታጥፎ ሳያልቅ መልስ መስጠት አለባት፤ ያውም ሳትከራከር።

«አለቃችን ቆንጆና ትሑት ሰው ነው፤ ተቆጥቶም አያውቅም። በምንባቡ መሠረት አለቃችን እንዴት ያለ ሰው ነው?»

ካውያ ጥርሷን ነክሳ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ እንደ መራራ መድኃኒት ዋጠችው። «ቆንጆና... ትሑት።»

«ማን ነው እንዲህ ያለው?» አለ አለቃው በሩ ላይ ቆሞ።

«ምንባቡ ነው ጋሼ!» አሉ ሁሉም ባንድ አፍ።

አለቃው ምንባብ የምትባለዋን ሠራተኛ ባያውቃትም ሳምንቱን ሙሉ ጸጉሩን አበጥሮ ሰነበተ።

የፈተናው ቀን ደረሰ። አዳራሹ ውስጥ ካውያ የሁሉም እናት ትመስላለች። ፈታኟ ተረከዟ ቋ ቋ የሚል ወጣት ሴት ናት። የመጀመሪያው ምንባብ ስለ ንብ፣ ሁለተኛው ስለ ድልድይ ነበር፤ ካውያ ስለ ሁለቱም ክርክር ስላልነበራት እንደ ውሃ ፈሰሱላት። ሦስተኛውን ገለጠች። ርዕሱ «የልብስ አጠባበቅ» ይላል።

«የደም እድፍ ያለበት ልብስ በፈላ ውሃ ከተዘፈዘፈ እድፉ ወዲያው ይለቃል።»

ደገመችው። ደም የፈላ ውሃ ከነካው ልብሱ እስኪቀደድ አብሮት እንደሚኖር ያልሰማ አጣቢ የለም። ዝቅ ብሎ ደግሞ፦ «ልብስ መተኮስ ልምድ የማይጠይቅ ቀላል ሥራ ነው።»

ክንዷን አየችው። ከእጅ አንጓዋ እስከ ክርኗ የካውያ ጠባሳ ነው፤ አንዱ ያረጀ፣ አንዱ ያለፈው ወር። ጥያቄው ከታች ይጠብቃታል፦ በምንባቡ መሠረት ልብስ መተኮስ እንዴት ያለ ሥራ ነው? ሀ፣ ከባድ። ለ፣ ልምድ የሚጠይቅ። ሐ፣ አደገኛ። መ፣ ቀላል።

መልሱን የምታጠቁርበት እርሳስ ሀ ላይ ሄዶ ቆመ። ወደ ለ ዞረ። ሦስተኛ ዕድሏ ነው፤ አራተኛ የለም። ሃያ አንድ ዓመቷን በገዛ እጇ ቀላል ነው ብላ ታጥቁረው? ይህን የጻፈው ሰውዬ ታያት። አንድ ሸሚዝ ይዞ ከካውያ ፊት ቆሟል፤ እጅጌው ተቃጥሏል፣ ጭሱ ቤቱን ሞልቶታል፣ ሰውዬው ግን «ቀላል ነው! ቀላል ነው!» እያለ ይጽፋል። ሳቁ ሳታስበው አመለጣት።

ቋ፣ ቋ፣ ቋ። «እናት፣ ምን ሆነዋል?»

«ምንም ልጄ። ንባቡ ጥሞኝ ነው።»

«ሁለተኛ ከሳቁ ወረቀትዎን እወስዳለሁ። ደንብ ነው።»

ካውያ የሻሿን ጫፍ አፏ ውስጥ ከተተች። መ የሚለውን አጠቆረች፤ ጥቁር አድርጋ። የሚገርመው፣ አላመማትም። ውሸቱ የወረቀቱ ነው፤ ክንዷም ክንዷ ነው። ስለ ደም እድፉ ሲጠይቃትም የፈላ ውሃ የሚለውን አጠቆረች። የመጨረሻው ጥያቄ ቀረ፦ ከሚከተሉት ውስጥ በምንባቡ ያልተገለጸው የቱ ነው? አማራጮቹን አንድ በአንድ ወረደች፤ የመጨረሻው እንዲህ ይላል፦ መ፣ የደም እድፍ በቀዝቃዛ ውሃ ይለቃል።

እውነት! ከነሕይወቷ! ወረቀቱ ስላልተናገራት ብቻ ትክክለኛዋ መልስ ሆና ቁጭ ብላለች! ሳቁ ከእግር ጥፍሯ ተነሥቶ ሲመጣ ታወቃት። እርሳሷን ሆን ብላ ጣለች፤ ልታነሣ ጠረጴዛ ሥር ገባች፤ እዚያ ተደፍታ፣ ሻሿን አፏ ላይ አፍና፣ ድምፅ ሳታሰማ እስኪወጣላት ሳቀች። ስትወጣ ፊቷ በርበሬ መስሏል። መ የሚለውን አጠቆረች፣ ወረቀቷን አስረከበች፣ ደጅ እስክትደርስ እንኳ መታገሥ አቅቷት ኮሪደሩ ላይ ፈነዳች።

ውጤቱ በሦስተኛው ሳምንት ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። አንብቦ መረዳት፦ ከአሥር ዘጠኝ። አንዷን የት እንደጣለቻት እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ ካውያ ግን ንቧ ላይ ነው ትላለች፣ ፈታኞቹ ስለ ንብ አያውቁም ባይ ናት። ሎጋ ዜናውን ስትሰማ የያዘችውን አንሶላ ለቀቀችው። ልጇ ያልታጠበ ልብስ ክምር ላይ ዘላ ወጣች። አለቃው ተቆጣ፤ ከዚያ እሱም ሳቀ።

ካውያ አሁን አርባ ስድስት ዓመቷ ነው፤ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ጠዋት ትማራለች፣ ከሰዓት በኋላ በሴቶች መኝታ ክፍል ትለማመዳለች። ጋዋኗን የሚተኩስላት ሌላ ሰው ነው።