ጭስ የሌለበት ማህበር

ጣሰው ሬዲዮ ሲከፍት ሚስቱን ጨርሶ የሚረሳ ሰው ነው። ቻይና ለፋብሪካዎቿ ጋዝ ከየት ታመጣለች፣ አውሮፓ ብርዱን በምን ትወጣዋለች፣ የኦጋዴኑ ጋዝ ለእኛ መቼ ይደርሰናል፤ ይኼ ሁሉ የእሱ ጭንቀት ነው። ቦንጋ ቁጭ ብሎ የዓለምን ምድጃ ይቆሰቁሳል። ሚስቱ በዛወርቅ ደግሞ የራሷን ምድጃ እፍ ስትል ዓይኗ አለቀ።

የቦንጋን ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ እንጨት አይደርቅም። እርጥብ እንጨት ደግሞ ከመንደድ ይልቅ ማጨስ ይቀናዋል። በመጨረሻ የዓይን ሐኪሙ ቁርጡን ነገራት፤ ጭሱን ካልተወች ዓይኗ አይተርፍም።

ያን ቀን ጣሰው ሬዲዮውን ዘጋ። ባለሙያ ጠርቶ ጓሮው ውስጥ የባዮጋዝ ጉድጓድ አሠራ። የሁለቱን ላሞች እበት በውኃ እየበጠበጠ ይጨምርበት ጀመር፤ እበቱ ታፍኖ ሲብላላ የሚወጣው ጋዝ በቱቦ ማድ ቤት ገባ። ዓለም ባሕር እየሰረሰረ የሚፈልገው ይኼንኑ ነው፣ ያም ሚቴን ይኼም ሚቴን እያለ ለጎረቤቱ ሁሉ አወራ። ምናለ ዝም ቢል!

ጣሰው ቤት ወጥ የሚሠራው በእበት ነው የሚል ወሬ ሰፈሩን አዳረሰው። በዛወርቅ ራሷ ተጠየፈችው። ሻይ አፍልታ ቀመሰችው፤ ጣዕሙ ያው ነው፤ ሆዷ ግን እምቢ አላት። ጣሰው ቢለምን ቢቆጣ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ወደ እንጨቷ ተመለሰች።

የማርያም ማህበር ተራዋ ሲደርስ ዝናቡ ሳምንቱን ሙሉ አላባራም። የተገዛው እንጨት ሁሉ ራሰ። በጠዋት ለኩሳ እፍ ብትል ጭሱ ዓይኗን ደፈነው፤ ፊት ለፊቷ ያለው ሽንኩርት እንኳ አልታይ አላት። ክው ብላ ደነገጠች። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ያኔ የፈራችው ለወጡ አልነበረም። ተነሥታ ፊቷን ታጠበች፤ ዓይኗ ገለጥ ሲልላት ክብሪት ጭራ የጋዙን ቁልፍ ከፈተች። ሰማያዊ ነበልባል ቦግ አለ። ዶሮውም ጎመኑም ለምሳ ደረሰ።

ሴቶቹ መጥተው ማዕዱን ከበቡ። ዝም ብትል ይበሉ ነበር፤ ግን በማርያም ጽዋ ላይ ሰው አታልሎ ማብላት አልሆነላትም።

«እንዳትቀየሙኝ፤ ይኼ ሁሉ የተሠራው በዚያ ጋዝ ነው» አለች።

እጅ ሁሉ ባለበት ቀረ። ወሬውን በሰፈሩ ስታዞር የከረመችው ጎረቤቷ ሚስጥር የቆረሰችውን መልሳ አስቀመጠች። በዛወርቅ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ማዕዷ ሳይነካ ከተነሡ፣ ከእንግዲህ ማን ደጇን ይረግጣል?

የማህበሩ ትልቅ እናት እትዬ አስካለማርያም ናቸው፤ ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል። ጎመኑን በጣታቸው ዳሰስ አደረጉና በምን እንዳበቀለችው ጠየቋት። በዛወርቅ እያፈረች፣ በዚያው በላሞቹ እበት ነው አለች።

«ታዲያ እስከ ዛሬ ምን ስንበላ ኖረናል?» አሉና ጠቅልለው ጎረሱ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ሳያልቅ እጅ ሁሉ ወደ ማዕዱ ተመለሰ፤ ወደ ዶሮው የቀደመው ደግሞ የሚስጥር እጅ ነበር። በዛወርቅ ደስታዋን የምታደርግበት ጠፋት።

ምሳው ካለቀ በኋላ እትዬ አስካለማርያም ማድ ቤት እንድትወስዳቸው ጠየቁ። ክንዳቸውን ይዛ አስገባቻቸው፤ ጣሰውም ከኋላ ተከተለ። ምድጃውን ለኮሰችላቸው። አሮጊቷ መዳፋቸውን ወደ ሙቀቱ ዘርግተው አየሩን ሳብ አደረጉ፤ ሳል የለ፣ ማቃጠል የለ። ጣሰው ስለ ዓለም ጋዝ ሊያስረዳ ጉሮሮውን ቢጠርግ በዛወርቅ በክርኗ ጎሸም አደረገችው።

«የእኔስ ዓይን አልፏል። ለምራቴ ግን ቶሎ አስቆፍሩላት፤ የልጅ ልጆቼን የምታይልኝ እሷ ናት» አሉ።

ጣሰው በማግስቱ ሬዲዮውን ሳይከፍት፣ አካፋውን ተሸክሞ ወደ እትዬ አስካለማርያም ጓሮ ሄደ።