የጠፋው የግንባር መስቀል

የባለቤቴ እናት ግንባር ላይ ያለውን መስቀል ከፎቶ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

ሰበታ ቤታቸው ሄጄ አምፖሉን አጠፋሁና እማማንና አባባን መስኮቱ አጠገብ አስቀምጬ ፎቶ አነሳኋቸው። ብርሃኑ አማረ። ዓለም ገና ያለው ቤቴ ስገባ ግን አላስቻለኝም፤ በስልኬ የእማማን ፊት ላለሳልስ ብዬ ስነካካ፣ ከመጨማደዱ ጋር በልጅነታቸው የተነቀሱት መስቀልም ጠፋ። አሳጥቤ በፍሬም ወሰድኩላቸው።

እማማ ትኩር ብለው አዩና ወደ አባባ ዞሩ። «አጠገብህ የተቀመጠችው ማናት?»

«አንቺ ነሻ!»

«እኔ መስቀል አለኝ። ይቺ የላትም።»

አባባ መነጽራቸውን አደረጉ። «እውነትም አንቺ አይደለሽም፤ ግን ቆንጆ ናት!»

እማማ እኔ ላይ አፈጠጡ። «ነካክተሽዋል እንዴ?»

«ኧረ ምንም አልነካሁም!» አልኩ።

ይኸው ሳምንቱ፤ እማማ «ቆንጆዋ ታብላህ» ስላሏቸው አባባ ምሳቸውን የሚበሉት እኔ ቤት ነው። እባካችሁ ይቅር በሉኝ።