«ለፈተናሽ ልምምድ ይሆንሻል»

ባለፈው ወር እዚህ ካምፓላ፣ ኪዋቱሌ በሚባለው ሰፈር ክርስትና ተጠርቼ ሄጄ ነበር። ሳህኔን ይዤ መቀመጫ ስፈልግ፣ ጸጉሩ ሙሉ በሙሉ የሸበተ ሰው ከወንበሩ ከፍ ብሎ በእጁ ጠራኝ። ወጣት ሳለሁ ካምዎክያ በሚገኘው ክሊኒኩ ቀጥሮኝ የነበረው ኢትዮጵያዊ ዶክተር ነው። አጠገቡ ለተቀመጡት እንግዶች፣ «ይህችን ልጅ ታውቋታላችሁ? ለእንግሊዝኛ ፈተናዋ ያዘጋጀኋት እኔ ነኝ» አላቸው። ሰዎቹ በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ። የእኔ ፊት ግን እሳት ሆነ። አንባቢ ይቅርታ ያድርግልኝና፣ ፊት ለፊት «እርስዎ» የምለውን ይህን ሰው እዚህ ወረቀት ላይ «እሱ» እለዋለሁ። አንቱታውን እጄ እምቢ አለኝ።

እንዴት እንዳዘጋጀኝ ልንገራችሁ።

ያኔ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር። አዲስ አበባ በነርስነት ጥቂት ዓመታት ከሠራሁ በኋላ ካምፓላ መጥቼ በእሱ ክሊኒክ ተቀጠርኩ። ቀኑን ሙሉ ከታማሚ ጋር የማወራው በእንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝ አገር ሄጄ ለመሥራት ግን ለጤና ባለሙያዎች የሚሰጠውን የቋንቋ ፈተና ማለፍ ነበረብኝ። አንድ ጊዜ ተፈትኜ ወድቄያለሁ። የወደቅኩትም በሰዋስው ወይም በጽሑፍ ቢሆን ምንም አልነበረም፤ የወደቅኩት በየቀኑ በምሠራው፣ ከታማሚ ጋር በመነጋገሩ ነው። በዚህ ክፍል ፈታኟ ታማሚ ወይም የታማሚ ዘመድ ሆና ትቀርባለች። ተፈታኟ ጉዳዩ የተጻፈበት ካርድ ይሰጣታል፤ ከዚያ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ታስረዳለች፣ ታጽናናለች።

ቅዳሜ ቅዳሜ ማኬሬሬ እየሄድኩ መማር ጀመርኩ። የዝናብ ወቅት ነበር፤ ቦዳ የሚሉት የሞተር ብስክሌት ታክሲ ይዞኝ ዳገቱን ሲወጣ ቀዩ ጭቃ እስከ ጉልበቴ ይረጨኛል። ከምንማርበት ፎቅ ሥር ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት በር ላይ ሮሌክስ የሚሉትን ጥቅልል እገዛለሁ፤ ቂጣው ውስጥ የተጠቀለለው እንቁላል ገና ትኩስ ነው። እየበላሁ ደረጃውን እወጣና አሥር ከምንሆን ነርሶች ጋር በጠባቧ ክፍል ውስጥ እቀመጣለሁ። መምህራችን ጡረታ የወጣ ዩጋንዳዊ ነበር፤ ክፉ ሰው አልነበረም። «ፈታኟ የምትለካው ልባችሁን አይደለም፣ ቃላችሁን ነው» ይለናል። ቃሉንም አስቀምጦልናል። መጀመሪያ ሰውየው ምን እንደሚያውቅ ጠይቁ። ከዚያ ስሜቱን እንደተረዳችሁ ግለጹ። ከዚያ ፈቃድ ጠይቃችሁ ቀጥሉ። እኔ አውቶቡስ ውስጥ፣ ልብስ ሳጥብ፣ ድስት ሳማስል እነዚያን ዓረፍተ ነገሮች እደጋግም ነበር። እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ ያዝኳቸው።

ከክሊኒኩ ፊት ለፊት ማማ ሩት የምንላት ሴት አቮካዶና ማቶኬ ትሸጥ ነበር፤ ተቀቅሎ የሚበላውን አረንጓዴ ሙዝ ማለቴ ነው። በየማታው ሁለት አቮካዶ ትመርጥልኛለች። «ይሄ የዛሬ፣ ይሄ የነገ» ትለኛለች። አንድም ቀን ተሳስታ አታውቅም።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ይህች ሴት ባሏን ደግፋ ይዛ መጣች። አናጺ ነው፤ ደረቱን በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዟል። እስከ ቀትር አልጋው አጠገብ ተቀምጣ ቆየች። ትንሽ ሻል ሲለው፣ የሚቀምሰው ነገር ላምጣለት ብላ ወደ ቤቷ ሄደች። በሄደች በግማሽ ሰዓት ውስጥ የሰውየው ልብ ቆመ። ዶክተሩና እኔ እየተፈራረቅን ደረቱን ተጫንን፤ መድኃኒትም በመርፌ ሰጠነው። እውነቱን ለመናገር ዶክተሩ ለማዳን አልሰነፈም፤ ላቡ በግንባሩ ላይ ይወርድ ነበር። አልሆነም። እጃችንን ታጥበን ሳንጨርስ፣ ማማ ሩት በጨርቅ የተቋጠረ ሳህን ይዛ፣ ዝናቡን እየሸሸች በበሩ ስትገባ አየናት።

ዶክተሩ እሷን አየ፤ ከዚያ እኔን አየኝ።

«አንቺ ንገሪያት» አለኝ በአማርኛ።

«ዶክተር፣ እርስዎ ቢነግሯት አይሻልም?»

«ፈተናሽ ደርሷል አይደል? ለፈተናሽ ልምምድ ይሆንሻል።» ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ ቢሮው ገባና በሩን ዘጋ።

የእኔ ጥፋት ደግሞ ከዚህ ይጀምራል። ማማ ሩትን ወንበር ሰጥቼ አስቀመጥኳት። ድምፄን ዝቅ አደረግሁ። አፌ በራሱ ጊዜ የቅዳሜውን ትምህርት ጀመረ።

«ስለ ባለቤትሽ ሁኔታ እስካሁን ምን ታውቂያለሽ?» አልኳት።

ግራ ገባት። «እኔ ምን አውቃለሁ ሲስተር? የምታውቂው አንቺ ነሽ እንጂ።»

«መጨነቅሽ ይታየኛል። ይህ ለአንቺ ከባድ ጊዜ እንደሆነ እረዳለሁ።»

ሳህኑን ጭኗ ላይ አጥብቃ ያዘችው። «ሲስተር፣ ባሌ በሕይወት አለ?»

ለዚህ ጥያቄ አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። እኔ ግን፣ «ከመቀጠሌ በፊት አብሮሽ እንዲሆን የምትፈልጊው ሰው አለ?» አልኳት። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ በዚያች ቅጽበት በሆዴ የማጣራው የዓረፍተ ነገሩን ሰዋስው ነበር።

ማማ ሩት ተነስታ በክንዷ ገፋ አደረገችኝና ወደ ክፍሉ ገባች። አንሶላው እስከ ፊቱ ድረስ ተስቦ ነበር። የባሏን ሞት የነገራት አንሶላው ነው፤ እኔ አይደለሁም።

በማግስቱ ጠዋት ዶክተሩ ኮሪደር ላይ አገኘኝና፣ «ልምምዱ እንዴት ነበር?» አለኝ። ፈገግ ብሏል።

«ዶክተር፣ የሞተው የሰው ባል ነው። መለማመጃ አይደለም» አልኩት።

«ስሜታዊ አትሁኚ። ነርስ ነሽ፣ ትለምጂዋለሽ።»

«እርስዎስ ለምደውታል? ከለመዱት ታዲያ በሩን ለምን ዘጉት?»

ፈገግታው ጠፋ። «የሥራ ፈቃድሽ በማን በኩል እንደወጣ አትርሺ» አለኝና አልፎኝ ሄደ። መጨረስ የነበረብኝን ነገር ዋጥኩት። ያ የዋጥኩት ነገር እስከ ዛሬ አልተፈጨልኝም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተፈተንኩ። ካርዱ ላይ የተጻፈው፣ አባቷ ወደ ሌላ ሆስፒታል ሊዛወር ስለሆነ የደነገጠች ልጅን ስለማጽናናት ነበር። ምን እንደምታውቅ ጠየቅኳት፤ መጨነቋ እንደሚታየኝ ነገርኳት፤ ፈቃድ ጠይቄ ቀጠልኩ። አንድም ቃል አልሳትኩም። ውጤቱ ሲመጣ ከሁሉም ክፍሎች ትልቁን ነጥብ ያገኘሁት በንግግር ነው። ወረቀቱን ደጋግሜ አነበብኩት። ሰው ማጽናናት እንደምችል በማኅተም ተረጋግጦልኝ ነበር። ቀድጄ ልጥለው ምንም አልቀረኝም። ግን አልቀደድኩትም፤ ጉዞዬ በእሱ ላይ ነበርና።

ማማ ሩት ባሏን ማሳካ አካባቢ ባለው የትውልድ መንደሩ ቀብራ ወደ ሥራዋ ተመልሳለች። እኔ ግን ስንት ሳምንት ሙሉ በጓሮ በኩል እየዞርኩ ክሊኒክ ስገባ ከረምኩ። ልሄድ ሁለት ቀን ሲቀረኝ ነው እንደምንም ራሴን አጀግኜ ፊቷ የቆምኩት። ይቅርታ ጠየቅኳት። አቮካዶዎቿን መደርደሯን አላቋረጠችም።

«አዝኜብሽ ነበር፤ አልዋሽሽም» አለችኝ። «ያቃጠለኝ ግን ሰውየው ነው። አንቺ ያንን ሁሉ ስታወሪኝ በቢሮው መስታወት አሻግሮ ያየን ነበር። ዓይን ለዓይን ተጋጠምን። መጋረጃውን ሳበው።»

ይህን እስከዚያች ቀን አላውቅም ነበር። ጀርባዬን ሰጥቼው ነበርና። ማማ ሩት ይቅር ብዬሻለሁ አላለችኝም፤ እኔም ደግሜ አልጠየቅኳትም።

እንግሊዝ አገር አራት ዓመት ሠርቼ፣ አግብቼ፣ የባለቤቴ ሥራ እዚሁ ካምፓላ መልሶ አመጣን። አሁን የአንድ ሆስፒታል የነርሶች ኃላፊ ነኝ። በክርስትናው ቀን ለዶክተሩ፣ «አዎ፣ በደንብ አዘጋጅተውኛል። ማማ ሩትን ያስታውሷታል?» አልኩት። ግንባሩን ቋጥሮ አሰበና፣ «ማን ናት እሷ?» አለኝ። የምሩን ነበር። ሳህኔን ይዤ ሌላ ጠረጴዛ ፈለግሁ።

ቁጣ ሲቆይ ይበርዳል ይላሉ። የንስሐ አባቴም ተይው ብለውኛል። የሠራብኝን ከሆነ ትቼዋለሁ። የማማ ሩትን ግን ልተውለት መብቱ ያለኝ አይመስለኝም።

ባለፈው ሳምንት እኛ ሆስፒታል አንዲት እናት ሞተች። ልጆቿ ኮሪደር ላይ ይጠብቁ ነበር። ተረኛው ወጣት ሐኪም ጓንቱን እያወለቀ፣ «ሲስተር፣ አንቺ ልምድ አለሽ፣ ብትነግሪያቸው?» አለኝ። እጅጌውን ያዝኩት። ሰው እያየን፣ ድምፄንም ሳልቀንስ፣ «አንተ ነህ የምትነግራቸው። እኔ አጠገብህ እቀመጣለሁ» አልኩት። ፊቱ ቀላ። ሄዶ ተቀመጠ። «እናታችሁ ሞታለች። ልናድናት ሞክረን ነበር፤ አልቻልንም» አላቸው። ትልቁ ልጅ እጁን ያዘው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሐኪሙ ሰላም አይለኝም። ይሁን።