ዘግይቶ የመጣ ወተት

ሴት ልጄ ወር ሳይሞላት ሞተች። ከሚሊኒየሙ በዓል በኋላ ነው፤ ቴፒ እንኖር ነበር። ባለቤቴ ቡና እርሻ ላይ ይሠራል፣ እኔ አንደኛ ደረጃ አስተምራለሁ። ለቅሶው አልቆ ሰው ወደየጉዳዩ ሲመለስ እኔ ከአልጋ መነሳት አቃተኝ። ወራት አለፉ። ምግብ አፈር አፈር ይለኛል፤ ክፍል ገብቼ የጀመርኩት ንግግር መሐል ላይ ይጠፋኛል።

አማቴ ከማሻ መጥተው አብረውኝ ተቀመጡ። አማርኛቸው ቁጥብ ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜ እጄን ብቻ ይይዙኛል። የቤተ ክርስቲያናቸውን ሴቶች ጠርተው አስጸለዩልኝ። ሳይሻለኝ ሲቀር ባለቤቴ ሚዛን ሆስፒታል ወሰደኝ። የአእምሮ ሕመም የሚያክመው ነርስ ረጋ ብሎ አናገረኝ።

«ይህ ድብርት የሚባል በሽታ ነው እህቴ፤ እምነትሽ ስላነሰ የመጣ አይደለም» አለና ጠዋት ጠዋት የምወስደው ክኒን ሰጠኝ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሸሚዜ ደረቴ ላይ ረጥቦ አገኘሁት። ልጄ ከሞተች በኋላ ደርቆ የነበረው ወተት ነው። የወር አበባዬም ቀርቶ ነበር።

አማቴ ሲያዩ ተንበረከኩ። «አርግዘሻል ልጄ። እግዚአብሔር ካሰሽ» አሉኝ። ባለቤቴ በዚያ ቀን እንጨቱን ራሱ ፈለጠ፣ ውሃውን ራሱ ቀዳ። እኔ ፈራሁ።

ሚዛን ተመልሰን ሽንቴ ተመረመረ። እርግዝና የለም።

«ክኒኑ ነው» አለ ነርሱ። «አንጎል ውስጥ ሴሮቶኒን የሚባል ነገር አለ፤ ክኒኑ የሚሠራው እሱ ላይ ነው። እሱ ሲጨምር ከአንጎል ሥር ያለችው ትንሽ ዕጢ የወተቱን ሆርሞን ትለቃለች። አንዳንድ ሰው ላይ እንዲህ ይበረታል። እንዲያውም ተመራማሪዎች ሆን ብለው ይህን መሰል መድኃኒት ይሰጡና ሆርሞኑን በደም ይለካሉ። አንጎልን ከፍቶ ማየት ስለማይቻል፣ ሴሮቶኒኑ እንዴት እንደሚሠራ በዚያ ይገምታሉ።»

«የኔስ ወተት ምን ይላል?» አልኩት።

«መድኃኒቱ አንጎልሽ ዘንድ የደረሰ ይመስለኛል። መሻልሽን ግን ወተቱ አይነግረኝም፤ አንቺ ነሽ የምትነግሪኝ። እንቅልፍ አለ?»

ትንሽ አሰብኩ። እውነትም መተኛት ጀምሬ ነበር። ነገርኩት። እሱም ክኒኑን በሌላ ለወጠልኝ።

ቤት ስንደርስ ለአማቴ የነገርኳቸው እኔ ነኝ።

«እንግዲያው ልጅ የለም» አሉ።

«የለም እማዬ።»

በራሳቸው ቋንቋ ቀስ ብለው የሆነ ነገር ተናገሩ፤ ትርጉሙን አልጠየቅኳቸውም። ከዚያ ነጠላቸውን አጥፈው ደረቴ ላይ አደረጉልኝ። ያኔ አለቀስኩ። ከቀብሩ ወዲህ እንባ አልወጣኝም ነበር።

ወተቱ እየቀነሰ ሄዶ ቆመ። ሲደርቅ የምገላገል መስሎኝ ነበር፤ ግን ለልጄ ከሰውነቴ የተረፈው የመጨረሻው ነገር የሄደ ያህል ተሰማኝ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ባለቤቴ ግን የገባው ይመስለኛል፤ በዚያ ሰሞን ከጎኔ አልራቀም።

አዲሱ ክኒን ቀስ በቀስ ረዳኝ። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ተማሪዎቼ ሲስቁ አብሬያቸው ስስቅ ራሴን አገኘሁት። በቆሎው ሲደርስ አማቴ ወደ ማሻ ተመለሱ፤ እኔም መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋቸው።