የቤረል አውትዌይት ቀኝ እጅ

ኬልድዊክ ከተማ ውስጥ ሰው ሲናደድ አይጮህም፤ የግቢውን አጥር ይከረክማል። የቤረል አውትዌይት የቁጥቋጦ አጥር በዚያ ግንቦት ከመከርከም ብዛት ከጉልበቷ በታች ወርዶ ነበር። አንድ ሳምንት ብትጨምር ኖሮ ሥሩን ነቅላ በመጋዝ ትከትፈው ነበር።

ቤረል ሰባ አራት ዓመቷ ነው፤ ቁመቷ መንገድ ዳር ካለው ቀይ የፖስታ ሣጥን እምብዛም አይበልጥም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የኬልድዊክ ቅርስና ውበት ማኅበር በጎ ፈቃደኛ ናት። በገበያው አደባባይ መካከል የቅቤ ዳስ የሚባል ስምንት ምሰሶ ያለው የድንጋይ ዳስ አለ። ጥንት የገጠር ሴቶች ቅቤና እንቁላል የሚሸጡበት ነበር፤ የቤረል እናትም እስከ ዕለተ ሞቷ እዚያው ሦስተኛው ምሰሶ ሥር እንቁላል ሸጣለች። ቤረል ክረምቱ በወጣ ቁጥር ተንበርክካ የምሰሶዎቹን የድንጋይ ሽበት በጥርስ ብሩሽ ትፈገፍጋለች። እስካሁን መቶ አርባ ብሩሽ ጨርሳለች። የመድኃኒት ቤቷ ሻጭ «እቺ ሴትዮ ስንት ጥርስ ነው ያላት?» ብላ ጓደኛዋን ጠይቃለች። ቤረል የራሷ የሆነ ጥርስ አንድም የላትም።

አንድ ጊዜ የማዘጋጃ ቤቱ ቆፋሪ መኪና የጥንቱን የፈረስ ማጠጫ ገንዳ ሊነቅል ሲመጣ፣ ቤረል ከነካፖርቷ ገንዳው ውስጥ ገብታ ቁጭ አለች። ገንዳው ውሃ ነበረው። ወሩ ጥር ነበር። ሹፌሩ ሦስት ሰዓት ጠብቆ፣ ከንፈሯ ወደ ሐምራዊ ሲዞር አይቶ፣ እያለቀሰ ሄደ። የዚያን ወር የማኅበሩ ቃለ ጉባኤ ስለ ጉዳዩ እንዲህ ይላል፦ «ገንዳው ባለበት እንዲቆይ ሆኗል። ለሻዩ ሚስስ አውትዌይት ተመስግነዋል።»

ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ስሟ ቃለ ጉባኤ ላይ የሚገኘው በዚህችው ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። የስብሰባ አዳራሹ ኩሽና ቁልፍ እሷ ዘንድ ነው፤ ሻዩን የምታፈላው፣ ብስኩቱን የምትደረድረው እሷ ናት። ጸሐፊው ሚስተር ደድሊ ፔት፣ ጉንዳን የምታህል ፊደል የሚጽፉ ድምፀ ቀጭን ሽማግሌ፣ ዓረፍተ ነገሯን ስብሰባው ሳይጀመር ከቤታቸው ጽፈው ነው የሚመጡት።

ከሦስት ዓመት በፊት ክሪስፒን ዌልስተድ የሚባል ጡረተኛ ከለንደን መጥቶ በከተማዋ ትልቁን ቤት ገዛ። ሱሪው የበሰለ ቲማቲም ይመስላል፤ ከሱ በፊት በዚያ ቀለም ለብሶ ኬልድዊክ የገባው የእሳት አደጋ መኪና ብቻ ነው። በመጣ በዓመቱ የማኅበሩ ሊቀመንበር ሆነ። የሆነውም ሃያ አራቱ አባላት እርስ በርሳቸው «ኧረ እርስዎ ይሁኑ»፣ «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ» ሲባባሉ እሱ «እሺ» ስላለ ነው።

አሁን ወደ ሚያዝያው ስብሰባ እንግባ። አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ የአደባባዩ አግዳሚ ወንበሮች አረንጓዴ ይቀቡ ወይስ ደማቅ አረንጓዴ በሚለው ላይ ተፋጩ። ክሪስፒን «ሌላ ጉዳይ» ወደምትለዋ የአጀንዳው የመጨረሻ ተራ ሲደርስ ስኒዎቹ ተሞልተው በየሰው እጅ ገብተዋል፤ ትልቁ የሻይ ማፍያ በኩሽናው መስኮት በኩል እንደ ባቡር ያፏጫል።

«አንዲት ትንሽ ነገር» አለ ክሪስፒን። «በሐምሌ ወር የውብ የገበያ ከተሞች ውድድር ዳኞች ሐሙስ ቀን ይመጣሉ። ሐሙስ ደግሞ የገበያ ቀናችን ነው። ድንኳኑና የጎመን ሣጥኑ የቅቤውን ዳስ ይጋርደዋል። ስለዚህ ገበያው ከሰኔ ጀምሮ ለዘለቄታው ከሱፐርማርኬቱ ጓሮ ወዳለው ሜዳ ይዛወር። የሚደግፍ አለ?»

በዚያችው ቅጽበት ቤረል ከማፍያው ፉጨት የተነሣ አንድ ቃል ሳትሰማ፣ አንገቷን በኩሽናው መስኮት ብቅ አድርጋ፣ ወተት የማይፈልግ ሰው እንዳለ ልትጠይቅ ቀኝ እጇን አነሣች።

«ሚስስ አውትዌይት ደግፈዋል። የሚቃወም? የለም። ግሩም።»

ሃያ ሦስቱም አባላት ሃሳቡ እብደት መሆኑ ገብቷቸዋል። ሃያ ሦስቱም አጠገባቸው ያለው ሰው እስኪናገር ጠበቁ። ደግሞም ሁሉም የሞላ ስኒ ይዘዋል፤ ኬልድዊክ ውስጥ የሞላ ስኒ የያዘ ሰው ቤቱ ቢቃጠል እንኳ መጀመሪያ ስኒውን የሚያስቀምጥበት ይፈልጋል።

በሁለተኛው ሳምንት ሐሙስ ቤረል እንደ ልማዷ ዓሣ ነጋዴው ኖርማን ስኬልተን ዘንድ ሄደች። ኖርማን ከጨቅላ እስከ ባልቴት ሴትን ሁሉ «የኔ ፍቅር» የሚል ሰው ነው። የቀረጥ ሰብሳቢዋን ሳይቀር እንደዚያ ነው የሚላት።

«ሁለት የጭስ ዓሣ» አለች ቤረል።

«ዓሣ የለም፣ ሚስስ አውትዌይት።»

«ኖርማን፣ አርባ ዓሣ ፊትህ ተደርድሮ እያየኝ ነው።»

«እሱ ለደንበኛ ነው እመቤቴ።»

«ምን ነክቶሃል አንተ? ከመቼ ወዲህ ነው እመቤትህ የሆንኩት?»

«እኔን ምንም አልነካኝም። ከሱፐርማርኬቱ ቆሻሻ ማጠራቀሚያ አጠገብ ቦታ ስላሰጡኝ ሳላመሰግንዎ መቅረቴ ነው የቆጨኝ። ከእንግዲህ ዓሣዬ ቢከረፋ ማንም በኔ አያሳብብም።» በቢላዋው ወደ ዳሱ ጠቆማት። «ያውልዎት፣ ከእናትዎ ምሰሶ ላይ ለጥፈውልዎታል።»

ሌላ ሰው በዚያ ምሰሶ ላይ መርፌ ቢሰካ ማኅበሩ ፍርድ ቤት ይገትረው ነበር። የራሱን ማስታወቂያ ግን በአራት ማእዘኑ ለጥፎታል፦ ገበያው ይዛወራል፤ ሃሳብ አቅራቢ ክሪስፒን ዌልስተድ፤ ደጋፊ ሚስስ ቤረል አውትዌይት፤ በሙሉ ድምፅ። ማዘጋጃ ቤቱም ማኅበሩ እንዲህ በአንድ ልብ ከጠየቀ ብሎ ፈቅዷል።

ቤረል ሦስት ጊዜ አነበበችው። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ስሟ ከሻይ ርቆ ሲጻፍ ይህ የመጀመሪያው ነው።

በቀጥታ ወደ ክሪስፒን ቤት ሄደች። በሩን በፈገግታ ከፈተ።

«እጄን ያነሣሁት ለወተት ነው» አለችው።

«ሚስስ አውትዌይት፣ እንዴት ያሉ ተጫዋች ነዎት።»

«ጨዋታ አይደለም። ወተት የማይፈልግ ሰው እየጠየቅኩ ነበር። ሰርዘው።»

«ቃለ ጉባኤው እኮ ተፈርሟል። ደግሞ ይረጋጉ እንጂ፤ የምንታገለው እርስዎ ለሚወዱት ዳስ አይደለም? ያን ሁሉ ዓመት ያጠቡት ለምንድን ነው?»

«ሰው እንዲሸጥበት ነዋ። ታጥቦ፣ ተገንዞ፣ ሰው በሩቁ የሚያየው ሬሳ ነው።»

«ስሜትዎን እረዳለሁ» አለ ክሪስፒን፤ በሩንም ቀስ አድርጎ፣ በጣም በጨዋነት፣ አፍንጫዋ ላይ ዘጋው።

በዚያ ሳምንት ሠላሳ ሰባት ፍጡራን ሰላምታ ነሷት፤ ከነዚህ አንዱ የዳቦ ጋጋሪው ውሻ ነው። ቤረልን ግን ከሁሉ ይልቅ ያንገበገቧት የገዛ ማኅበሯ አባላት ናቸው። ቤት ለቤት እየዞረች ጠየቀቻቸው። ሁሉም በሩ ላይ ቆመው፣ ጫማቸውን እያዩ፣ አንድ ዓይነት ነገር ነገሯት።

«እኔማ ልቃወም ነበር፣ ቤረል። አንቺ ስትደግፊ ሳይ የማላውቀው ነገር አለ ማለት ነው ብዬ ተውኩት።»

«እንቅልፍ አጥቻለሁ፣ እመኚኝ። ግን ሰው ፊት እንዴት እናገራለሁ?»

«ደድሊ ይናገራል ብዬ እኮ ነው።»

ደድሊ ፔትም በተራቸው፦ «እኔ ጸሐፊ ነኝ፤ የሚጻፍ ነገር የሚናገረው ሌላ ሰው ነው» አሉ።

ቤረል ወደ ቤቷ ተመልሳ መቀሷን አነሣች። አጥሩ ከጉልበቷ በታች የወረደው ያን ቀን ነው።

የግንቦቱ ስብሰባ ገበያው ከመዛወሩ በፊት የመጨረሻው ነበር። ቤረል ቀድማ መጥታ ከፊተኛው ረድፍ መካከል ተቀመጠች። ፊቷን ከኩሽናው መስኮት ውጪ አይቶት የማያውቅ አንድ ሽማግሌ «እንኳን ደህና መጡ፣ አዲስ አባል ነዎት?» አላት። የኩሽናው መስኮት ተዘግቷል። ፉጨት የለም። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሲሆን ሃያ ሦስት አንገት ወደ መስኮቱ ዞረ።

«ሚስስ አውትዌይት፣ ሻዩ ቢደርስ?» አለ ክሪስፒን።

«ስለ ገበያው ተነጋግረን ስንጨርስ።»

«የገበያው ጉዳይ ተዘግቷል እኮ።»

«ኩሽናውም ተዘግቷል» አለች ቤረል፤ ቁልፉን ከሹራብ ኪሷ አውጥታ አሳየችና መልሳ ከተተችው።

በሃያ ደቂቃው አንዲት ሴት ስኒ እንደያዘች ሁሉ ባዶ እጇን ወደ አፏ አነሣች። በግማሽ ሰዓቱ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር የብስኩት ፍርፋሪ ፍለጋ ኪሳቸውን ገለበጡ። በአርባኛው ደቂቃ፣ የሚይዙት ስኒ፣ የሚያማስሉት ማንኪያ፣ ዓይናቸውን የሚደብቁበት እንፋሎት ስላልነበረ፣ የኬልድዊክ ሰዎች በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት ተያዩ።

ያኔ ቤረል ቆመች። «እቃወማለሁ» አለች።

ያ አዳራሽ ከተሠራ ጀምሮ ይህን ቃል ሰምቶ አያውቅም። ጣሪያው ላይ የነበረች እርግብ በርራ ወጣች።

«የተቃወምኩት ዌልስተድን ብቻ አይደለም» አለች ቤረል። «እሱስ የሚፈልገውን ተናገረ። እኔ የምቃወመው እናንተን ነው። ሃያ ሦስት ሰው በልቡ አይሆንም እያለ፣ በስኒ ተሸፍኖ፣ ስምንት መቶ ዓመት የኖረ ገበያ ከቆሻሻ ጎን ጥሎ፣ በስሜ ፈረመ። አሁን ስኒ የላችሁም። ተናገሩ።»

ከጥግ አንድ ቀጭን ድምፅ መጣ። ደድሊ ፔት ነበሩ።

«እኔ… ሃሳቡ ከመጀመሪያው ቀፎኝ ነበር።»

«እኔንም» አለች ባዶ እጇን ወደ አፏ ያነሣችው ሴት። «ድንች የምገዛው ከዚያ ነው።»

«እኔማ ሱሪውም ቀፎኛል» አሉ መምህሩ።

ከዚያ በኋላ ማን ያስቁማቸው። የሦስት ዓመት ዝምታ ባንዴ ተዘረገፈ፤ ደማቁ አረንጓዴ ሳይቀር ተነሣ። ክሪስፒን ሱሪውን መስሎ ቀላ። በመጨረሻም ሃሳቡን መተዉን፣ ይህንኑም ነገ ለማዘጋጃ ቤቱ በጽሑፍ እንደሚያሳውቅ ተናገረ። ጭብጨባ ሆነ። ሃያ ሦስት አንገት በተስፋ ወደ ኩሽናው ዞረ።

ቤረል ካፖርቷን ለበሰች። «ቤታችሁ ሄዳችሁ አፍሉ» ብላ ወጣች።

በመጀመሪያው የሰኔ ሐሙስ ገበያው ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ኖርማን ስኬልተን ሳትጠይቀው ሦስት የጭስ ዓሣ ጠቅልሎ ዘረጋላት።

«እኔ የምገዛው ሁለት ነው።»

«ሦስተኛው ለይቅርታ ነው፣ የኔ ፍቅር።»

«ይቅርታ በዓሣ አይጠየቅም» አለች ቤረል፤ ሦስቱንም ግን ዘንቢሏ ውስጥ ከተተች። «ምሰሶው ላይ ደግሞ ምን ለጥፈዋል?»

«አዲሱ ቃለ ጉባኤ ነው። አንብቢው። እኔ ከንዴት በስተቀር ያተረፍኩት ነገር የለም።»

ሄዳ አነበበች። ጉንዳን በምታህል ፊደል እንዲህ ይላል፦ «ሊቀመንበሩ በመልካም ፈቃዳቸው ስለ ገበያው ያቀረቡትን ሃሳብ ትተዋል። ለሻዩ ሚስስ አውትዌይት ተመስግነዋል።»

ቤረል ተመልሳ መጣች። ኖርማን ዋጋ የሚጽፍበትን ወፍራም ጥቁር እስክሪብቶ ከጆሮው ላይ መንጭቃ ወሰደች። እናቷ እንቁላል ትሸጥበት ከነበረው ምሰሶ ፊት ቆማ፣ የደድሊን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ሰርዛ፣ በትልልቁ ጻፈች፦ «ሻይ አልቀረበም። ገበያው አልሄደም፤ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ቤ. አውትዌይት።»

በኃይል ስለጻፈችው ቀለሙ ወረቀቱን አልፎ ድንጋዩን ነካው። ወረቀቱን ገለጥ አድርጋ አየችው። የጥርስ ብሩሿ ዘንቢሏ ውስጥ ነበር። ቀለሙን ሳትፈገፍግ፣ ዓሣዋን ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች።